የጎባው ቤትና ሁለቱ ክረምቶች

አክስቴ በስልክ ቃል አታባክንም። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ አንድ ማታ ከጎባ ደወለችና፣ «የኋላው ግድግዳ ሆዱን ነፍቷል፤ ሳይወድቅ ድረስ» ብላኝ ዘጋችው። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ነገሩን ማመን አቃተኝ። መስቀል ካለፈ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ አደይ አበባው ረግፏል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ማታ ማታ ብርዱ ማንቀጥቀጥ ጀምሯል። በኅዳር ቤት የሚያፈርስ ዝናብ ከየት መጣ? ትምህርት ቤት ያስተማሩን የኢትዮጵያ ወቅቶች አራት ናቸው። ክረምት በሰኔ መጨረሻ ይገባል፣ በመስከረም ይወጣል፤ ይህን በቃሉ ያልያዘ ተማሪ ክፍል አያልፍም። ባሌ ግን ይህን ፈተና የተፈተነች አገር አይደለችም።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር ነበር። በዚያ ግድግዳ ላይ የእኔም እጅ አለበት። በ2011 ዓ.ም. የካቲት ላይ ገንዘብ ልኬ የኋላውን ግድግዳ በውጭ በኩል ከላይ እስከ ታች በሲሚንቶ ያስለሰንኩት እኔ ነኝ። ጭቃ ቤት ሲባል ድህነት የሚታየው ትውልድ ልጅ ነኝና፣ የአያቴን ቤት «ሰው ላስመስለው» ብዬ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ፎቶግራፍ ተልኮልኝ ለጓደኞቼ ሁሉ አሳይቻለሁ። አሁን ያ ግድግዳ ነው ሆዱን የነፋው። ወንድሞቼ ደግሞ ወሬውን እንደ ሰሙ፣ «ይኸው! ድሮም ብለናል፤ ይፍረስና በብሎኬት ይሠራ» አሉ። አክስቴ ያን ቤት ካላየች ጀምበር የምትወጣ አይመስላትም። እንግዲህ በሁለት እሳት መካከል ሆኜ ነው ጉዞ የጀመርኩት።

ከአዲስ አበባ ሮቤ ወደ 430 ኪሎ ሜትር ነው። በአሰላና በዶዶላ በኩል ተሂዶ አዳባ ሲታለፍ መንገዱ ሽቅብ ወደ ዲንሾ ይወጣና ከዚያ የስንዴና የገብስ ሜዳ ወደ ሆነው ወደ ሮቤ ይወርዳል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ የተዘረጋች የሜዳ ከተማ ናት። (የአርሲዋን ሮቤ የሚያውቅ አንባቢ እንዳይምታታበት፤ ይህች የባሌዋ ናት። በኦሮምኛ ሮቢ ረቡዕ ነው፣ ሮባ ደግሞ ዝናብ ነው። ከተማዋ ስሟን ከየትኛው እንዳገኘች አልከራከርም፤ በዚያ ሰሞን ግን ዝናብን ብትመርጥ አይፈረድባትም ነበር።) ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሲኬድ ደግሞ ጎባ አለች። ከሮቤ ከፍ ያለች፣ ጀርባዋን ለሰንኔቲ አምባ የሰጠች የተዳፋት ከተማ ናት። አምባው 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፉ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ጎባ ላይ ቆሞ ሽቅብ የሚያይ ሰው ደመናው ከአምባው ላይ እንደ ጋቢ ተንከባሎ ሲወርድ ያያል።

ይህ አምባ ትልቅ የውኃ ጎተራ ነው። በዝናብ ጊዜ ይጠጣል፣ በየወሩ ቀስ እያለ ያፈስሳል። በጎባ በኩል የምትወርደው ቶጎናና በሮቤ በኩል የምታልፈው ሻያ ወደ ወይብ ይገባሉ። ወይብ ከሮቤ በስተምሥራቅ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሶፍ ዑመርን ዋሻ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በኖራ ድንጋይ ውስጥ ቦርቡሮ ያልፍና ከገናሌና ከዳዋ ጋር ዶሎ አካባቢ ተገናኝቶ ጁባ ተብሎ ሶማሊያ ይገባል። ድንጋይ እንዲህ የሚቦረቡር ውኃ የአንድ ጸሐፊን የጭቃ ግድግዳ ቢያሸንፍ ምን ይገርማል? ይህን ለአክስቴ ብላት፣ «ወንዙማ የራሱን መንገድ ነው የሄደ፤ አንተ ነህ የእኛን የዘጋህብን» አለችኝ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ቤቱ በ1953 ዓ.ም. የተሠራ ነው። ባሌ እስከዚያ ድረስ በሐረርጌ ሥር ነበረች፤ በ1952 ዓ.ም. ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆን መቀመጫዋ ጎባ ሆነች። ጎባ ራሷ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በጦር ሰፈርነት የተቆረቆረች ናት። ጠቅላይ ግዛት ሲመጣ ደግሞ ጸሐፊው፣ ዳኛው፣ መምህሩ፣ ፖሊሱ አብሮ መጣ። አያቴም ከነዚሁ አንዱ ነበሩ። የሠሩት ቤት በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት የሚባለው ዓይነት ነው፦ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት (ግንበኞች «ውኃ ልክ» የሚሉት)፣ የጥድ ቋሚ፣ ማገር፣ የጭቃ ምርጊት፣ ከላይ ቆርቆሮ። አራት ማዕዘን ነው። በዚያ ሰፈር ከዚያ በፊት የነበሩት የገበሬ ቤቶች ክብ ነበሩ፣ ክዳናቸውም ሣር ነበር።

ይህ የክብና የአራት ማዕዘን ነገር ጨዋታ ይመስላል እንጂ ለውኃ ትልቅ ልዩነት አለው። ክብ ቤት ማዕዘን የለውም፤ ነፋስ የያዘው ዝናብ ቢመታው ዙሮ ያልፋል። የሣር ክዳኑ እንደ ባርኔጣ ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ ይንጠለጠላል፤ ጠፈጠፉ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይወድቃል። ሣሩ መጀመሪያ ራሱ ጠጥቶ ነው ቀስ እያለ የሚለቀው። ከውስጥ የሚጨሰው ምድጃ ሣሩንና እንጨቱን ያደርቃል፤ ጥላሸቱ ከብስባሽ ይጠብቃል። ቆርቆሮ መጣና ይህን ሁሉ ገለበጠው። ቆርቆሮ በገንዘብ የሚገዛ ነውና ማንም ከግድግዳው በላይ አስረዝሞ አያባክነውም፤ እጥር ይላል፤ ጠፈጠፉም ግድግዳው ሥር ይወድቃል። ምድጃው ወደ ማድ ቤት ስለ ወጣ ቤቱን የሚያደርቅ ጭስ የለም። በዚያ ላይ የጎባን ሌሊት ያደረ ያውቃል፤ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ የተኛውን ሰው ትንፋሽ ወደ ውኃ ይለውጥና ንጋት ላይ መልሶ በፊቱ ያንጠባጥበዋል። ልጅ ሆኜ ለዕረፍት ስመጣ ዝናብ ሳይኖር ቤቱ የሚያፈስ ይመስለኝ ነበር። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነበርና ጠብታው የሚሠራውን ቡናማ ካርታ እያየሁ አገር ስም አወጣለት ነበር።

አሁን ወደ ዝናቡ ልመለስ። ሮቤና አካባቢዋ በዓመት ከ800 እስከ 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ብዛቱ አዲስ አበባ ላይ ከሚዘንበው አይበልጥም። ልዩነቱ አዘናነቡ ላይ ነው። ዝናብ አምጪው የደመና መቀነት ወደ ሰሜን ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ ወደ ደቡብ ሲመለስ ሌላ ጊዜ ባሌን ያልፋል። ስለዚህ ከመጋቢት ጀምሮ አንድ ዝናብ ይመጣል፤ በሰኔ አካባቢ ትንሽ ፋታ ይሰጣል፤ ከዚያ ሁለተኛው ይጀምርና ጥቅምትን አልፎ ኅዳር ይገባል። ገበሬው ሁለት ጊዜ ይዘራል፣ ሁለት ጊዜ ያጭዳል። የመጀመሪያውን «ገና» ይለዋል (ከልደት በዓል ጋር አይገናኝም)፣ ሁለተኛውን «ቦና»። ቦና በኦሮምኛ በጋ ማለት ስለሆነ እንግዳ ሰው ግራ ይገባዋል፤ ነገሩ ግን አዝመራው የሚጠራው በሚዘራበት ሳይሆን በሚታጨድበት ጊዜ ነው። የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከልም ዘሩን የሚሞክረው በነዚሁ በሁለቱ ወቅቶች ነው።

ለስንዴ በረከት የሆነው ይህ ነገር ለጭቃ ቤት ፈተና ነው። የአዲስ አበባ ሰው ቤቱ ክረምት ቢጠጣ መስከረም ጠብቶ እስከ የካቲት ያለ ጭንቀት ያደርቃል። የጎባ ቤት ግን ከሰኔው ፋታ በቀር ከመጋቢት እስከ ኅዳር እንደ ረጠበ ነው። በእርግጠኝነት ደረቅ የሚባሉት ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ያሉት ጥቂት ሳምንቶች ናቸው። በነዚያ ሳምንቶች ውስጥ ደግሞ የቦናው አጨዳና ውቂያ ይገባል። ጭድ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው፤ ነገር ግን የሰው ጉልበት የሚጠፋውም ያን ጊዜ ነው። ጭዱም ቢሆን ለጭቃ እንደሚመረጠው እንደ ጤፍ ጭድ ቀጭንና ልል አይደለም። ጤፍ ያን ያህል ከፍታ አይወድም፤ ያለው የገብስና የስንዴ ጭድ ነው፤ እሱ ደግሞ ሻካራና ባዶ አገዳ ነው፣ ጭቃውን እንደ ጤፍ ጭድ አይዝም።

አክስቴ የቤቱን ታሪክ የምትቆጥረው በልደትና በሞት ሳይሆን በጥገና ነው። «የሃምሳ አራቱ» ትላለች፤ «የዘጠናው» ትላለች። የሃምሳ አራቱ የምትለው ቤቱ ገና አንድ ዓመት እንደ ሞላው የመጣው ዝናብ ነው። እሷ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ጭቃው ውስጡ ሳይደርቅ ጥቅምትና ኅዳር ሙሉ ዘነበና ፍራሽ ሁሉ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ተሸሸ። የዘጠናው ደግሞ የኋላው ግድግዳ ሁለት ቋሚ የጣለበት ነው። እኔም ይህን ስሰማ ኖሬ የአክስት ወሬ አድርጌው ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ዓመቶቹን ከዓለም የአየር ጠባይ ታሪክ ጋር ሳስተያይ ግን ጸጉሬ ቆመ። በ1954 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር (በፈረንጅ አቆጣጠር በ1961 ማብቂያ) በምሥራቅ አፍሪካ የጣለው ዝናብ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ጁባና ሸበሌ ሞልተው የሶማሊያን ደቡብ አጥለቀለቁ፤ የቪክቶሪያ ሐይቅ በዚያና በተከታዮቹ ጥቂት ዓመታት ከሁለት ሜትር በላይ ከፍ አለ። በ1990 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ኤልኒኞ ያመጣው ዝናብ በአጨዳ ሰዓት ደርሶ በብዙ የአገራችን ክፍል እህል አበላሽቷል፤ ገናሌና ዋቢ ሸበሌም ከአፋቸው ወጥተዋል። በ2012 ዓ.ም. በልግ ሳይሆን በጥቅምት ያ ነገር ተደገመ። በ2016 ዓ.ም. እንደ ገና።

የነዚህ አራት ዓመታት ምሥጢር ያለው በሕንድ ውቅያኖስ ነው። አንዳንድ ዓመት የውቅያኖሱ ምዕራባዊ ክፍል፣ ማለትም ወደ እኛ ያለው፣ ከወትሮው ይሞቃል፤ በኢንዶኔዥያ በኩል ያለው ይቀዘቅዛል። የሞቀው ባሕር የሚያነሣው እርጥበት ወደ አፍሪካ ቀንድ ይገፋል። በክረምት ከምዕራብ በኩል የሚመጣው ዝናብ ለሸዋና ለጎጃም ነው የሚያደላው፤ የባሌን የመጋቢትና የጥቅምት ዝናብ ግን በአብዛኛው የሚልከው ይህ ምሥራቃዊ ባሕር ነው። ስለዚህ ባሕሩ በጋለበት ዓመት አዲስ አበባ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎባ ላይ ግድግዳ ሆዱን ይነፋል። አክስቴ ይህን ሁሉ ያለ መሣሪያ መዝግባዋለች። መዝገቧም ግድግዳው ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረ። ዝናቡ የወረደው በቤቱ አራት ማዕዘን ሁሉ ነው፤ ለምን ሁልጊዜ የኋላው ግድግዳ? መልሱን ያገኘሁት በወረቀትና በእርሳስ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። የቤቱ ጣራ ወደ 60 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 54,000 ሊትር ማለት ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል 270 ጊዜ መሙላት ነው። ከዚህ ግማሹ፣ 135 በርሜል፣ የሚወርደው በኋላው ግድግዳ ግርጌ ነው። አሸንዳ አልነበረውም። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከኋላ አንዲት ሦስት ክፍል ቤት አለች፤ የፊት ለፊት ጣራዋ የሚወርደው ወደ እኛው ነው፤ እሷም ወደ 80 በርሜል ትጨምራለች። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍበት ቀጭን መተላለፊያ ነው። ከዳገቱ የሚወርደውን ጎርፍ አልቆጠርኩም።

ያቺ ሦስት ክፍል ቤት የአያቴ ነበረች። ለኪራይ የሠሯት ናት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ እንዲይዝ ተደረገና፣ የፊቱ ቤት ለእኛ ቀረ፣ የኋላው ቀበሌ ገባ። ስለ አዋጁ ፍትሐዊነት ብዙ ተጽፏል፤ ኪራይ ቀንሶለት እፎይ ያለው ድሃ ብዙ ነው፣ እሱን አልክድም። ስለ ጣራ ግን ሲጻፍ አላየሁም። ከአዋጁ በፊት ሁለቱን ጣራዎች የሚያስጠግን አንድ ሰው ነበር፤ መካከሉን ቦይ በየዓመቱ በጥር የሚያስጠርግ አንድ ሰው ነበር። ከአዋጁ በኋላ ጣራው የቀበሌ፣ ጠፈጠፉ የእኛ፣ ቦዩ የማንም ሆነ። ተከራዩ በወር ጥቂት ብር እየከፈለ የማያወርሰውን ቤት ለምን ያድሳል? ቀበሌውስ በዚያች ኪራይ የትኛውን ቆርቆሮ ይቀይራል? በአዲስ አበባም በየክፍለ ሀገሩም የቀበሌ ቤት ያረጀው በዝናብ ብቻ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከላይ ካለው መሬት በተፈጥሮ የሚወርደውን ውኃ ከታች ያለው ባለመሬት እንዲቀበል ያዛል። ከጣራ የሚወርደው «በተፈጥሮ» ይባል አይባል እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ በበኩሌ ቆርቆሮ ተፈጥሮ ነው ብዬ አላምንም።

ጎባ ቢያንስ ተዳፋት ስለሆነች ውኃው መሄጃ አለው። ከታች ሮቤ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የሮቤና የሲናና ሜዳ ብዙው ጥቁር አፈር ነው፤ ገበሬው ኮቲቻ ይለዋል። ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እየሠራ ይኮማተራል። በዓመት ሁለት ዝናብ ባለበት አገር ሁለት ጊዜ ያብጣል፣ ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል። በላዩ የተሠራ ቤት ማለት በሚተነፍስ እንስሳ ጀርባ ላይ የተጫነ ዕቃ ነው። ብሎኬቱ በመስኮቱ ጥግ በኩል በሰያፍ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው፤ በስንጥቁ ደግሞ የሚቀጥለው ዝናብ ይገባል። ወንድሞቼ «በብሎኬት» ሲሉ ሮቤ ላይ ያየኋቸውን እነዚያን ሰንጣቃ ግድግዳዎች አስታወስኳቸው። ሮቤ የዞኑ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ በተለይም የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ በየአቅጣጫው ሰፍታለች። መንገድ ሲሠራ ከፍ ይላል፤ አጠገቡ ያለው ያረጀ ቤት ወለሉ ከመንገዱ በታች ይቀራል። በሩ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት ደርድረው የሚኖሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ቤታቸው አልሰመጠም፣ ከተማው ነው ከፍ ያለባቸው።

የገበሬው ሽማግሌ ይህን የሚያውቀው ቀድሞ ነው። የድሮው ቤት የሚቀለሰው ከሜዳው ወጣ ብሎ በትንሿ ተረተር ላይ ነበር፤ ሜዳው ለእህልና ለከብት ነው። ከ1969–70ው የሶማሊያ ጦርነት በኋላ ግን ባሌ የመንደር ምሥረታ በሰፊው ከተጀመረባቸው አገሮች ቀዳሚዋ ሆነች፤ በመላ አገሪቱ ዘመቻው የታወጀው በኋላ ነው። ቤቶች ከየተረተሩ ወርደው ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለቁጥጥር በሚያመች ሜዳ ላይ በመስመር ተሰለፉ። የክሊኒክና የወፍጮ ነገር ተነግሮ የማያልቅ ነበር፤ ውኃው በየት በኩል እንደሚወርድ የጠየቀ ግን ያለ አይመስለኝም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ብዙው ቤቱን ነቅሎ ወደ ድሮው ቦታው ተመለሰ። የተመለሰው ለመሬቱ ነው ይባላል፣ እውነት ነው። ግድግዳችንን ያደሱልን ሽማግሌ መራጊ ግን፣ «ልጄ፣ እኔ የተመለስኩት እግሬ እንዲደርቅ ነው» ብለውኛል።

እኒህ ሽማግሌ የመጡት በጥር ነው። እኔም በኅዳሩ ጉዞ ግድግዳውን በግንድ አስደግፌ ተመልሼ ነበርና ለሥራው ደግሜ ሄድኩ። ግድግዳውን በጉማሬ አለንጋቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት። ድምፁ ባዶ ነው። «አባባ፣ ምን ሆኖ ነው?» ብላቸው፣ «አፉን ይዘኸው ነው» አሉኝ። ሲሚንቶው በመዶሻ ሲነሣ እንደ እንቁላል ቅርፊት በትልልቁ እየተላጠ ወደቀ፤ ከጀርባው ያለው ጭቃ በጥር ወር፣ በዚያ ፀሐይ፣ ገና እርጥብ ነበር። አክስቴ «የእኛን መንገድ ዘጋህብን» ያለችው ያኔ ገባኝ። ጭቃ ይጠጣል፣ ግን መልሶ በሁለቱም ፊቱ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር እኩል አያብጥም፣ እኩል አይኮማተርም፤ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያበጃል፤ በስንጥቁ የገባው የ2012ቱ ዝናብ ደግሞ መውጫ አጣ። ከግርጌው የሚወጣው እርጥበትም እንዲሁ። ጭቃው ከቅርፊቱ ጀርባ እየሟሟ ወደ ታች ተከማቸና ግድግዳው አረገዘ።

በዚህ ስሕተት ብቻዬን አይደለሁም። ላሊበላን ያህል ቦታ ደርሶበታል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ውኃ እንዳይገባባቸው ተብሎ ቤተ አማኑኤልንና ሌሎችንም አብያተ ክርስቲያናት በሬንጅና በቀይ ቀለም ቀብተዋቸው ነበር። ድንጋዩ መተንፈሻ አጣ፣ እርጥበቱ ውስጥ ታፈነ። ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ በዓለም አቀፍ የሐውልቶች ፈንድ ድጋፍ ያደረጉት ትልቁ ሥራ ያን ቅብ ከድንጋዩ ላይ መፋቅ ነበር። በኋላም በ2000 ዓ.ም. ላይ ከላያቸው የብረት መጠለያ ተሠራላቸው፤ እሱም ሌላ ክርክር አስነሥቷል። በዚያው በባሌ ድሬ ሼህ ሁሴን ያሉት ነጫጭ ሕንፃዎች ደግሞ በኖራ ነው የሚነጡት። ኖራ ያስተነፍሳል። ሬንጅና ሲሚንቶ አያስተነፍሱም። እኔ ይህን በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አልተማርኩም፤ ብማር ኖሮ የ2011ዱን ገንዘብ መጽሐፍ እገዛበት ነበር።

ጭቃው ሲነሣ ቋሚዎቹ ታዩ። ሰባት ናቸው። አምስቱ የ1953ቱ ጥዶች ናቸው፤ ግርጌያቸው ጠቁሯል፣ ሲመቱ ግን ይጮኻሉ። ሁለቱ በ1990 ዓ.ም. የተተኩት ባሕር ዛፎች ናቸው፤ ግርጌያቸው በጣት ሲነካ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ረገፈ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ጥድ ቆሞ ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላው ባሕር ዛፍ አልቆ ሳይ አክስቴን ለምን ጥድ እንዳልተካች ጠየቅኳት። «ከየት?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አያቴ ጥድ ሲያስቆርጡ ደኑ ከከተማው ጫፍ ይጀምር ነበር። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ይህ ተገቢ ነው፣ ከአምባው ሥር ያለው ሚሊዮን ሕዝብ የሚጠጣው ያ ደን የያዘውን ውኃ ነው። ስለዚህ ለአክስቴ ግድግዳ ጥድ ይቆረጥ ብዬ አልጽፍም። ሽማግሌው መላ ነበራቸው፤ የበሰበሰውን ግርጌ ቆርጠው ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገቡና እንጨቱ አፈር እንዳይነካ አደረጉ።

ጭቃው ከቀይ አፈርና ከገብስ ጭድ ተረግጦ አሥር ቀን እንዲብላላ ተተወ፤ ሽታው ለጎረቤት የሚያስወቅስ ነው። መጀመሪያው ምርጊት ተመረገና እስኪሰነጣጠቅ ተጠበቀ። እኔ ስንጥቁን ሳይ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን ሳይሰነጠቅ ሁለተኛውን እጅ መጣል ቤቱን መዋሸት ነው ብለው ሦስት ሳምንት አስቆሙን። ያን ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ሥራዬን ትቼ ሰማይ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። የካቲት መጨረሻ ላይ የመጨረሻው ልስን ተለቀለቀ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለውን ቦይ አስጠርገን በድንጋይ ለበጥነው፤ የኋላዋ ቤት ተከራይ ለአሸንዳው ግማሹን ከፈለ፣ ቤቱ የሱ ባይሆንም። ወንድሞቼ አሁንም ብሎኬት ብሎኬት ይላሉ፤ ነገሩ ተጨርሷል ማለት አልችልም። የተስማማነው የፊት ለፊቱን ግድግዳ ማንም በሲሚንቶ እንዳይነካው ብቻ ነው።

መጋቢት በገባ በሁለተኛው ሳምንት አክስቴ ደወለች። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ግድግዳው እንዴት ሆነ ብዬ ከመጠየቄ በፊት፣ «አሸንዳው ሥር ያስቀመጥከው በርሜል ሳይነጋ ሞልቶ ፈሰሰ፤ አንድ በርሜል ምን ይበቃል ብለህ ነው? ሁለት ጨምርና ላክ» አለችኝና ዘጋችው። ሃያ ሚሊ ሜትር በሠላሳ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ስድስት መቶ ሊትር ነው። ልክ ሦስት በርሜል።